መጋዘኑ አንበጣ ሳይመጣ ይታሰብበት



ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ሲል የአንበጣ መንጋ ውስጥ ገባ። አንበጣው ሞተሩንና አፍንጫውን መታው፣ የፊት መስታወቱንም ሸፈነው። አብራሪዎቹ በመጥረጊያ ለማጽዳት ሞከሩ፣ አልሆነም። ከፍ ብለው እንደገና ለማረፍ ቢሞክሩም ስላልተሳካ ወደ አዲስ አበባ አቅንተው በሰላም አረፉ። ወሬው በዚያ ሰሞን በዓለም ዙሪያ ስለተሰማ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚያ በረራ ብዙ ተባለ። ነገር ግን ከጎኑ ያለው ሌላ ጉዳይ እምብዛም አልተነሳም። ድሬዳዋ አንበጣ የሚያልፍባት ከተማ ብቻ አይደለችም። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት በከተማዋ ጣቢያ ያለው ሲሆን፣ አንበጣን የሚረጩ አውሮፕላኖችም ከዚሁ ማረፊያ ሲነሱ ኖረዋል። አውሮፕላን ካለ ኬሚካል አለ። ኬሚካል ካለ ደግሞ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋል። ታዲያ ያ ቦታ የት ይሁን? እንዴትስ ይሠራ? አንበጣው ከሄደ በኋላ የተረፈውን በርሜል ማን ይጠብቀዋል?

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። በድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የፀረ ተባይ መጋዘን መኖሩን አልቃወምም። የምቃወመው አንበጣ ሰማዩን ከሸፈነ በኋላ በጥድፊያ መሠራቱን ወይም መስፋቱን ነው። በችግር ቀን የተሠራ መጋዘን ችግሩ ሲያልፍ እዚያው ይቀራል፣ ጉዳቱም የሚጀምረው ሰው ሁሉ ረስቶት ሳለ ነው። ስለዚህ መጋዘን የሚታሰብበት ጊዜ አንበጣ የሌለበት ጸጥ ያለው ዓመት ነው እላለሁ።

ለምን ኤርፖርት ውስጥ?

በመጀመሪያ ሌላውን ወገን በቅንነት እንስማ። አንበጣ ቀልድ አይደለም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል፤ ይህ መንጋ በአንድ ቀን የሚበላው 35 ሺህ ሰው ከሚመገበው ጋር ይስተካከላል። እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን 167 ሺህ ቶን እህል በአንበጣ መጥፋቱ ተመዝግቧል፤ ይህም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ለአንድ ዓመት ይቀልብ የነበረ እህል ነው። በ2012 ዓ.ም. የተደረገው ግምገማ ደግሞ 200 ሺህ ሄክታር ያህል የእርሻ መሬት እንደተጎዳና ከ350 ሺህ ቶን በላይ እህል እንደጠፋ አሳይቷል። ማሳው በአንድ ከሰዓት በኋላ ባዶ የቀረበትን የሐረርጌ ገበሬ «መጀመሪያ የአካባቢ ጥናት ይደረግ» ብንለው ይሰማናል ወይ? አይሰማንም፣ አይፈረድበትምም።

ለአንበጣ የሚረጨው ኬሚካል አትክልት ላይ እንደሚረጨው በውሃ የሚበጠበጥ አይደለም። በዘይት መልክ ተዘጋጅቶ፣ ውሃ ሳይጨመርበት፣ እጅግ በደቀቁ ነጠብጣቦች ከአውሮፕላን ይለቀቃል። ለምሳሌ በሊትር 240 ግራም ክሎርፓይሪፎስ የያዘው ዓይነት ለአንድ ሄክታር አንድ ሊትር ያህል ይበቃዋል። አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል 200 ሄክታር ያዳርሳል ማለት ነው። 40 ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ ቢመጣ 4,000 ሊትር፣ ወይም 20 በርሜል ይፈልጋል። መንጋው ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሳይል፣ ከመሬት ሳይነሳ መረጨት ስላለበት አውሮፕላኑ ተመላልሶ ቶሎ ቶሎ መሙላት አለበት። በርሜሉ ከአውሮፕላኑ አጠገብ ቢሆን የሚመረጠው ለዚህ ነው። ኤርፖርት በዚያ ላይ የታጠረ ነው፣ ጥበቃ አለው፣ መንገድና የእሳት አደጋ መኪና አለው።

እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ግን ሁሉም የአውሮፕላኑን ምቾት የሚመለከቱ ናቸው። ከመሬቱ በታች ስላለው ነገር አንዳቸውም አይናገሩም። አጥር ሌባን ይከለክላል እንጂ ውሃን አይከለክልም።

ድሬ የምትጠጣው ከእግሯ ሥር ነው

ድሬዳዋ ግድብ የላትም። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝም የላትም። ከባቡሩ ጋር ስታድግ የኖረችው ይህች ከተማ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከዋና ዋናዎቹ የጉድጓድ መስኮች አንዱ ሳቢያን ነው። ሳቢያንም አውሮፕላን ማረፊያውም ከከተማዋ በሰሜን ምዕራብ በኩል ናቸው። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ ካርታ መመልከት ይበቃል።

የድሬ መሬት ደግሞ ውሃ የሚውጥ መሬት ነው። ላዩ ከተራራ በጎርፍ የመጣ አሸዋና ጠጠር ሲሆን ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ አለ። ዝናብ በፍጥነት ወደ ታች ስለሚሰርግ የጉድጓዶቻችን ውሃ ይተካል። ይህ በረከት ነው። ነገር ግን መሬቱ ዝናብን ከመርዝ ለይቶ አያስገባም። ከዚህ በፊት በተደረጉ ጥናቶች በአንዳንድ የከተማዋ ጉድጓዶች ውስጥ ያለው ናይትሬት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ50 ሚሊ ግራም በሊትር ጣሪያ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ናይትሬቱ በአብዛኛው የመጣው ከላይ ነው፤ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፍሳሽ። እኛ ከላይ የምንጥለው ነገር ወደ ምንጠጣው ውሃ እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያስፈልገናል?

አሁን እስቲ አንዲት ስሌት አብረን እንሥራ። የአውሮፓ ኅብረት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለአንድ ፀረ ተባይ የሚፈቅደው ጣሪያ በሊትር 0.1 ማይክሮ ግራም ነው። አንድ ግራም አንድ ሚሊዮን ማይክሮ ግራም ስለሆነ፣ አንድ ግራም መርዝ በእኩል ቢሰራጭ 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ እዚህ ጣሪያ ላይ ያደርሳል። ቀደም ብለን ያነሳነው አንድ በርሜል ውስጥ ያለው ክሎርፓይሪፎስ ግን 48 ኪሎ ግራም ነው። እርግጥ ስሌቱ ነገሩን እንዲያጋንን አልፈልግም። ጣሪያው ለጥንቃቄ የተቀመጠ እንጂ ሰው የሚታመምበት ልክ አይደለም፤ ክሎርፓይሪፎስም አፈር ላይ አጥብቆ ስለሚይዝ በቀላሉ ወደ ታች አይወርድም፣ ማላታይዮን ደግሞ ቶሎ ይፈራርሳል። ነገር ግን አፈር ላይ የያዘው መርዝ በጎርፍ ከአፈሩ ጋር ይሄዳል፤ በስንጥቅ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ የሚያጣራው አፈር የለም። ደግሞም ጉድጓድ አንዴ ከተበከለ እንደ ታንከር አጥበን አናጸዳውም።

ጎርፉን የረሳ መሐንዲስ

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ደቻቱ የሠራውን የድሬ ሰው አይረሳውም። ዝናቡ በብዛት የጣለው ከላይ በተራራው ነበር። ውሃው ግን በደረቁ የአሸዋ ወንዝ ወርዶ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። ቀን አሸዋ ጫኝ መኪና የሚቆምበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ መሬት ሌሊት ወንዝ ሆነ።

ከዚህ የምንማረው ለመጋዘንም ይሠራል። በድሬ ዙሪያ «ደረቅ ነው» የሚባል ቦታ ሁሉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል ማለት አይደለም። መሐንዲስ ቦታ ሲመርጥ በየካቲት ሄዶ ሜዳውን አይቶ ቢመለስ አይበቃም። የጎርፉን ታሪክ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች መጠየቅና የውሃውን መንገድ መለካት አለበት፣ የወለሉም ከፍታ በዚያው መወሰን አለበት። በኤርፖርት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። የማኮብኮቢያው አስፋልት ሰፊ ስለሆነ በላዩ የሚወርደው ዝናብ ሁሉ በቦይ ተሰብስቦ በአንድ በኩል ይወጣል። መጋዘኑ ወይም በርሜል የሚቀዳበት ሜዳ ከዚህ ቦይ ጋር ከተገናኘ፣ የፈሰሰው ኬሚካል የተጠረገ መንገድ አገኘ ማለት ነው።

እሳቱን ያጠፋው ውሃ

ስለ ኬሚካል መጋዘን ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንፈራው ፍንዳታንና እሳትን ነው። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ የደረሰው አደጋ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1986 የሳንዶዝ ኩባንያ መጋዘን ሌሊት ተቃጠለ። ውስጡ በብዛት ፀረ ተባይ የሆነ ከ1,300 ቶን በላይ ኬሚካል ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በብዙ ውሃ እሳቱን አጠፉት፣ ሥራቸውን በሚገባ ሠሩ። ይሁንና ያ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ አልነበረም። ከመርዙ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ራይን ወንዝ ገባ። ወንዙ ከቀለም ኬሚካል የተነሳ ቀላ፤ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ዓሣ አለቀ፤ ከታች ያሉ አገሮች ከወንዙ የመጠጥ ውሃ መቅዳት አቆሙ።

ስዊዘርላንድ ያን ጊዜም ሀብታም አገር ነበረች። የጎደላት ገንዘብ ወይም እውቀት አልነበረም። ንድፉ ሲሠራ «እሳቱን የሚያጠፋው ውሃ የት ይሄዳል?» ብሎ በቅጡ የጠየቀ ሰው ነው የጠፋው። ይኸው ጥያቄ ለእኛ ኤርፖርት ይበልጥ ይከብዳል። ለአንበጣ የሚሆነው ኬሚካል በዘይት የተዘጋጀ በመሆኑ ይቀጣጠላል። በማረፊያ ቦታ የሚገኘው የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ ከውሃ ሌላ አረፋ ይረጫል። በብዙ አገሮች በኤርፖርት ያገለግል የነበረው የቆየ ዓይነት አረፋ ፒፋስ የተባሉ የማይፈርሱ ኬሚካሎች ስላሉበት የከርሰ ምድር ውሃ እንደበከለ ተረጋግጧል። ስለዚህ መጋዘኑ ሲነደፍ በርሜሎቹ ቢፈሱ የሚይዝ ግድብ ብቻ ሳይሆን የእሳት ማጥፊያውንም ውሃ የሚይዝ ገንዳ አብሮ ሊሠራ ይገባል። ከአውሮፕላን ነዳጅ ማጠራቀሚያውም በቂ ርቀት ሊኖረው ግድ ነው።

አንበጣው ሄደ፣ በርሜሉ ቀረ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንበጣ ሲመጣ እርዳታ ይጎርፋል። የዓለም ባንክ በግንቦት 2012 ዓ.ም. ለአንበጣ ምላሽ ለኢትዮጵያ 63 ሚሊዮን ዶላር አጽድቆ ነበር። በእንደዚህ ያለ ሰዓት የሚፈለገው መጠን በትክክል አይታወቅም፤ መንጋው ነገ ወዴት እንደሚነፍስ ማንም አያውቅምና። ከማነስ መብዛት ይሻላል ተብሎ ይታዘዛል። ከዚያ ዝናቡ ያቆማል፣ ነፋሱ ይዞራል፣ መንጋው ይጠፋል። በርሜሉ ግን አይጠፋም።

የአብዛኛው ፀረ ተባይ ዕድሜ በአግባቡ ከተቀመጠ ከተመረተ ሁለት ዓመት ያህል ነው። «በአግባቡ» የሚለው ቃል ነው ችግሩ። በድሬ ፀሐይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ በርሜል ቀን ይነፋል፣ ሌሊት ይሰበሰባል። በዚህ መሐል ክዳኑ ይላላል፣ ብረቱ ይበሰብሳል፣ ኬሚካሉም ይለወጣል። ከጊዜ በኋላ የማይረጭ፣ የማይሸጥ፣ የማይደፋ ነገር ይሆናል። አገራችን ይህን በራሷ ላይ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተደረገ ቆጠራ በየክልሉ በብዙ ቦታዎች ተበታትኖ ከአንድ ሺህ ቶን በላይ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ተገኝቷል። ከፊሉ ከቀድሞ የአንበጣ ዘመቻዎች የተረፈ ነበር። ይህን የሚያቃጥል ከፍተኛ ሙቀት ያለው ምድጃ በአገር ውስጥ ስላልነበረ እንደገና ታሽጎ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተወስዶ ነው የተቃጠለው። መርዙን ለመግዛት አንድ ጊዜ ተከፈለ፤ ለማስወገድ ደግሞ እንደገና ተከፈለ።

ባዶው በርሜልም እንደዚሁ ነው። ድሬ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል ወይም ሮቶ የሌለው ግቢ ማግኘት ያስቸግራል። ጥሩ ብረት በርሜል ገበያ ላይ ፈላጊው ብዙ ነው። ስለዚህ ባዶውን በርሜል ሳይታጠብና ሳይበሳ ከግቢ ማስወጣት መርዙን እዚያው ሰው ቤት ማድረስ ነው። ታጥቦም ቢሆን ለመጠጥ ውሃ አይሆንም። የመጋዘኑ ደኅንነት የሚለካው ሙሉ በርሜል በመቁጠር ብቻ አይደለም፤ የወጣው ስንት፣ ባዶ የተመለሰው ስንት፣ ተበስቶ የተጨፈለቀው ስንት የሚለው ሒሳብ መግጠም አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

«እኛ አገር ሕግ የለም» የሚሉ አሉ። አለ እንጂ! በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር መብት ነው። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራው እንዳይጀመር ደነገገ፤ የግምገማው ሰነድም ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት አዘዘ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 300 ብክለትን፣ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ደግሞ ፀረ ተባይን የሚመለከቱ ናቸው።

የጎደለው እንግዲህ ወረቀቱ አይደለም፣ ጊዜው ነው። ግምገማ በአግባቡ ከተሠራ ወራት ይፈጃል። የዝናብ ወቅት ማየት አለበት፣ የጉድጓድ ውሃ ናሙና መውሰድ አለበት፣ የሰፈሩን ሰው ማነጋገር አለበት። አንበጣ ግን ወር አይሰጥም፤ መንጋ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ሁለቱ ሲጋጩ ምን ይሆናል? መሠረቱ ይቆፈራል፣ ግምገማው ከኋላ ይጻፋል። ከኋላ የተጻፈ ግምገማ ደግሞ «ቦታው ተስማሚ ነው» ከማለት ሌላ ምን ሊል ይችላል? ግድግዳው ቆሟልኮ! ቦታ ይቀየር የሚል አማራጭ በእውነት የሚኖረው ሲሚንቶ ሳይፈስ ብቻ ነው። ጸጥ ያለው ዓመት ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት መልሱ መጋዘኑን በሁለት መክፈል ነው። ዋናው መጋዘን ከጉድጓድ መስኩ፣ ከጎርፍ መንገድና ከመኖሪያ ሰፈር ርቆ፣ ተጠንቶ በተመረጠ ቦታ ይሠራ። ኤርፖርቱ ውስጥ ደግሞ የጥቂት ቀን ርጭት ብቻ የሚይዝ አነስተኛ ማቆያ ይኑር፤ ዘመቻው ሲያልቅ ባዶ ይደረግ። «በመንገድ ማመላለሱ ራሱ አደጋ የለውም ወይ?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። አለው። ነገር ግን በአንድ ጉዞ አደጋ ላይ የሚወድቀው የአንድ መኪና ጭነት ነው፤ ያውም በቀን፣ አጃቢ ባለበት። ጉድጓድ አጠገብ ለዓመታት የሚቀመጥ ክምችት ግን ሌት ተቀን አደጋ ላይ ነው።

ሁለቱም ቤቶች ሲሠሩ ማሟላት ያለባቸው ነገር ምሥጢር አይደለም፤ የምግብና የእርሻ ድርጅቱ ስለ ፀረ ተባይ አቀማመጥ ባወጣቸው መመሪያዎች ተዘርዝሯል። ወለሉ ፈሳሽ የማያሳልፍ ኮንክሪት ይሁን፤ ከወለሉ ወደ ውጭ የሚወጣ ቱቦ ጨርሶ አይኑረው። በሩ ላይ የፈሰሰውን የሚያግት ከፍ ያለ መድረክ ይደረግ፣ መኪና እንዲገባም በተዳፋት ይሠራ። ከላይና ከታች አየር ማስገቢያ ይኑር፣ ጣሪያውም ሙቀት የሚከላከል ይሁን። በርሜል በፓሌት ላይ እንጂ መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ሰው ዙሪያውን አይቶ የሚያፈሰውን ለይቶ እንዲያወጣ መተላለፊያ ይተውለት። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። አሸዋ ወይም ሰጋቱራ፣ አካፋ፣ ባዶ ትርፍ በርሜል፣ ጓንትና ጭምብል፣ የሰውነትና የዓይን መታጠቢያ በቦታው ይገኝ። አውሮፕላኑ የሚሞላበትና የሚታጠብበት ሜዳም ልክ እንደ መጋዘኑ ወለል የራሱ ገንዳ ይኑረው፤ ብዙ ጊዜ ኬሚካል የሚፈሰው በማስቀመጥ ሳይሆን በመቅዳት ላይ ነውና። ለሚሠሩትም ልጆች ከዘመቻ በፊትና በዘመቻው ወቅት የደም ምርመራ ይደረግላቸው። እንደ ማላታይዮንና ክሎርፓይሪፎስ ያሉ መርዞች በደም ውስጥ ያለውን ኮሊንስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ስለሚያወርዱ፣ ሰውየው ከመውደቁ በፊት በምርመራ ሊታወቅ ይችላል።

ከዚህ ሌላ መጋዘኑ ነገ የሚመጣውንም ያስብ። ክሎርፓይሪፎስ እ.ኤ.አ. በ2025 በስቶክሆልም ስምምነት፣ ከተወሰኑ ልዩ ፈቃዶች ጋር፣ ከሚወገዱ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በሌላ በኩል ጎረቤታችን ሶማሊያ በ2012 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ ሜታራይዚየም የተባለውን አንበጣን የሚገድል ፈንገስ በሰፊው ተጠቅማለች። ይህ ከኬሚካሉ ይልቅ ለሰውና ለንብ የተሻለ ነው። ነገር ግን የሚገድለው በቀናት ውስጥ ቀስ ብሎ ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነም ሙቀት ያበላሸዋል። ድሬ ውስጥ ያለ ቀዝቃዛ ክፍል የሚሠራ መጋዘን የተሻለውን መድኃኒት ከመጀመሪያው በሩን ዘጋበት ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ወጪ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ድሃ አገር ነን፣ የሚቀድም ብዙ ነገር አለ። ግን ገንዳ ሳይሠሩ የሚቆጥቡት ገንዘብ በእውነት ቁጠባ ነው ወይ? የፊንላንዱን መርከብ ኪራይ እናስታውስ። አንድ የጉድጓድ መስክ ቢዘጋ ለከተማው ሌላ ውሃ ፈልጎ፣ ቆፍሮ፣ ቧንቧ ዘርግቶ ለማምጣት የሚጠይቀውንም እናስብ። ለርጭቱ ገንዘብ የሚሰጡ አበዳሪዎችና ለጋሾች ከእያንዳንዱ የኬሚካል ግዢ ጋር የመጋዘኑን ወጪና የተረፈውን መልሶ የማንሳት ውል እንዲያካትቱ መጠየቅ ደግሞ የእኛ ፋንታ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች

በመጨረሻ ለክፍል ጓደኞቼና ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። መጋዘን መሥራት የእኛ ሥልጣን አይደለም፣ መለካት ግን እንችላለን። አንድ ጉድጓድ ተበክሏል ወይስ አልተበከለም ለማለት «በፊት ምን ነበር?» የሚለው መታወቅ አለበት። የበፊቱ ካልተለካ ነገ ተበክሏል የሚለውም፣ አልተበከለም የሚለውም ማስረጃ የለውም፤ ክርክሩ በጉልበት ብቻ ያልቃል። ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ የምንጨነቅ ሁሉ እስቲ ወደዚያ እንመልከት። በማረፊያው ዙሪያና በሳቢያን በኩል ካሉ ጉድጓዶች በክረምትና በበጋ ናሙና መውሰድ፣ የጎርፍ ቦዮቹን በካርታ ማስፈር፣ በአካባቢው ባዶ በርሜል ለምን ለምን እንደሚውል ሰው ማነጋገር ይቻላል። የፀረ ተባይ ምርመራው ራሱ የእኛ ላቦራቶሪ ከሌለው መሣሪያ ውጭ አይሠራም ቢባል እንኳ፣ የውሃውን ጥልቀት፣ የሚፈስበትን አቅጣጫና ናይትሬቱን መለካት ከአቅማችን በላይ አይደለም። አንድ ቡድን የጀመረውን የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ቢቀጥለው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማንም ገምጋሚ ሊያልፈው የማይችል መረጃ ይሆናል።

አንበጣ ከበረሃው ጨርሶ ጠፍቶ አያውቅም፤ ዝናብና ነፋስ ሲገጥሙለት ይመለሳል። ሲመለስ ኬሚካል እንደሚያስፈልግ፣ አውሮፕላኑም ከድሬ እንደሚነሳ ከወዲሁ እናውቃለን። በዚያን ቀን ባለሥልጣኑም፣ ገበሬውም፣ አብራሪውም ይቸኩላሉ፣ መቸኮላቸውም ልክ ነው። ስለ ቦታው፣ ስለ ወለሉና ስለ ገንዳው በእርጋታ የምንከራከርበት ጊዜ ዛሬ ብቻ ነው። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ሐሳቡን ይዞ ይምጣ፤ እንወያይ።

ቸር ይግጠመን።